የበጋው መሬትና የክረምቱ መሬት፦ በጋምቤላ ለመኖሪያ ቤት መሠረት የአፈርን ጠባይ ስለ መመርመር

(በጋምቤላ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ትንሽ ቤት ነው። ፎቅ የሌለው፣ ግድግዳው በብሎኬት የተገነባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያለው መኖሪያ ቤት። በምሕንድስና ትምህርታችን ውስጥ ይህ ቤት ብዙ ቦታ አይሰጠውም፤ ድልድዩ፣ ግድቡና ረጅሙ ሕንፃ ይቀድሙታል። ለብዙ ቤተሰብ ግን በዕድሜ ዘመኑ ከሚያወጣው ወጪ ሁሉ ትልቁ ይኸው ቤት ነው። ግድግዳው በሁለተኛው ክረምት ቢሰነጠቅ፣ በሩ አልዘጋ ቢል፣ ወለሉ ቢያብጥ፣ ቤተሰቡ ያንን ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ ከየትም አያመጣውም። ስለዚህ ጉዳዩ ትንሽ ቤት ቢሆንም ጥያቄው ትንሽ አይደለም።

ላስረዳ የምፈልገው ነጥብ አንድ ነው። በጋምቤላ ሜዳ ላይ አንድ ቦታ ሁለት መሬት ነው፤ የበጋ መሬትና የክረምት መሬት። ቤት ሠሪው ቦታውን የሚያየው፣ የሚለካውና የሚቆፍረው በበጋ ነው። ቤቱ ግን የሚፈተነው በክረምት ነው። የአፈር ምርመራ ማለት እንግዲህ በበጋ ቆሞ የክረምቱን መሬት ማየት መቻል ነው። ይህ ደግሞ ብዙዎች እንደሚያስቡት ውድ መሣሪያ ያላቸው ተቋማት ብቻ የሚሠሩት ሥራ አይደለም፤ አብዛኛው ነገር በአንድ ጉድጓድና በሠለጠነ ዓይን ይገኛል።

ከተማይቱና መሬቷ

ከታሪክ ልጀምር። የጋምቤላ ከተማ ራሷ የቦታ መረጣ ውጤት ናት። ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተስማምተው ነበር። በውሉ የተጠቀሰው ኢታንግ ሲሆን ጣቢያው የተቋቋመው ግን ከዚያ ወደ ምሥራቅ ከፍ ብሎ፣ ዛሬ ከተማይቱ በምትገኝበት ስፍራ ነው። ለምርጫው የንግድም የመንገድም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ከመሬት አንጻር ያለውን ልዩነት ግን ማንም ሊያየው ይችላል፤ በጋምቤላ አካባቢ ጥንታዊው የመሠረት ዐለት፣ ግራናይትና የመሳሰለው፣ ወደ ላይ ቀርቦ እዚህም እዚያም ይወጣል። ወደ ኢታንግና ወደ ጂካዎ በተወረደ ቁጥር ዐለቱ በጥልቅ ደለል ሥር ይቀበራል። የእንፋሎት መርከቦቹም ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላበት በክረምቱ ወራት ብቻ ነበር። ከተማይቱ ከተቆረቆረችበት ጊዜ ጀምሮ ኑሮዋ በሁለት ወቅት የተከፈለ ነው ማለት ነው።

የአካባቢው ሕዝቦች ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁት ነበር። የኑዌር ሕዝብ በክረምት ከፍ ባሉ የአሸዋማ አፈር ጉብታዎች ላይ መንደሩን፣ በበጋ ደግሞ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ዳር ሰፈሩን ማድረጉን ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው ጽፎታል። የአኙዋ መንደሮችም በብዛት የሚገኙት በወንዞቹ ዳርና ዳር ባለው ከፍታ ላይ ነው። ይህ አሰፋፈር በትውልዶች የተጠራቀመ የአፈር ምርመራ ነው። አባቶች የላቦራቶሪ ውጤት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን አንድን ቦታ በክረምትም በበጋም ሳያዩ ቤት አልሠሩበትም።

ይህ ዕውቀት ወደ ጎን ሲተው ምን እንደሚሆን በቅርብ ጊዜ አይተናል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ክልላችን ገቡ። በጥድፊያ ከተዘጋጁት መጠለያዎች ሌችዎርና ኒፕ ኒፕ በዚያው ዓመት ክረምት በውኃ ተጥለቀለቁ። ከሌችዎር የወጡት ስደተኞች በቀጣዩ ዓመት ጄዊ ላይ በተከፈተው አዲስ መጠለያ ሰፈሩ። ሕይወት ለማዳን በሚደረግ ጥድፊያ ውስጥ ሰፊ ሜዳ መምረጥ የሚያስወቅስ ነገር የለውም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፤ በበጋ ደረቅና ለጥ ያለ የሆነ መሬት ለጥ ያለበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ውኃ የሚተኛበት በመሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ባሮ ሞልቶ የጋምቤላን ከተማ ሰፈሮች ሲያጥለቀልቅም ይህንኑ አስታውሶናል።

ወንዝ አፈርን እንዴት እንደሚለይ

ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚወርዱ ወንዞች ከ2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነሥተው ጋምቤላ ሲደርሱ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ደቡብ ሱዳን ድንበር ድረስ መሬቱ እጅግ ለጥ ያለ ነው። ፈጣኑ ወንዝ በድንገት ዝግ ይላል፤ ዝግ ያለ ወንዝ ደግሞ የተሸከመውን ይጥላል።

የሚጥለው በሥርዓት ነው። ወንዙ ሞልቶ ከዳርቻው ሲያልፍ ፍጥነቱ ወዲያውኑ ይቀንሳል፤ ከባዱ አሸዋ መጀመሪያ፣ እዚያው ዳርቻው ላይ ይወድቃል። ቀለል ያለው ድቃቅ ደለል ጥቂት ራቅ ብሎ ይሰፍራል። እጅግ ደቃቁ ጭቃ ግን ውኃው ተንጣሎ በሚቆምበት ዝቅተኛ ስፍራ ድረስ ተጉዞ ቀስ እያለ ይረጋል። በዚህም የተነሣ ወንዙን ተከትሎ ከፍ ያለ አሸዋማ ጉብታ፣ ከጉብታው በስተ ጀርባ ደግሞ ጥቁር ጭቃ የተኛበት ረግረግ ይፈጠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዳንድ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትር አይበልጥም። ወንዞች አቅጣጫ ስለሚቀያይሩ የጥንቱ ጉብታ ዛሬ ከወንዝ ርቆ፣ የጥንቱም ረግረግ ዛሬ በመንደር መካከል ሊገኝ ይችላል። ጎረቤቴ ቤት ሠርቶ አልተሰነጠቀበትም የሚለው ማስረጃ በዚህ አገር ብዙ የማይታመነው ለዚህ ነው። የጎረቤትየው ቤት በአሮጌ ጉብታ ላይ፣ የእናንተው በአሮጌ ረግረግ ላይ ሊሆን ይችላል።

በወንጌሉ ምሳሌ በአሸዋ ላይ የተሠራው ቤት ሲወድቅ እናነባለን። ምሳሌው ጎርፍ መምጣቱንም እንደሚናገር ልብ በሉ። አሸዋ ሸክምን በደንብ የሚሸከም አፈር ነው፤ የሚያፈርሰው ከሥሩ ጠርጎ የሚወስደው ወራጅ ውኃ ነው። በጋምቤላ ከወራጅ ውኃ የተጠበቀ አሸዋማ ጉብታ ከጥቁሩ ጭቃ እጅግ የተሻለ የቤት ቦታ ነው።

የዋልካ ጠባይ

ጥቁሩን ጭቃ ገበሬዎቻችን ዋልካ ወይም መረሬ ይሉታል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይህ አፈር እንደሸፈነው ይገመታል። አዲስ አበባም በቦሌና በአቃቂ በኩል በደንብ ታውቀዋለች። የጋምቤላ ሜዳ ዋልካ በአብዛኛው የደጋው ባዛልት ዐለት በስብሶ በወንዝ የወረደ ነው። በውስጡ የሚገኘው ስሜክታይት የሚባል ማዕድን እጅግ ቀጫጭን ከሆኑ ገጾች የተነባበረ ነው። ውኃ ሲያገኝ በገጾቹ መካከል እያስገባ ያብጣል፤ ሲደርቅ ያንኑ ውኃ እያጣ ይኮማተራል። የበጋው ንቃቃት እጅ የሚያስገባ ስፋት፣ ከ1 ሜትር የሚያልፍም ጥልቀት ሊኖረው ይችላል።

አሁን ተማሪዎች በጥሞና እንዲያስቡበት የምፈልገው ስሌት ላይ ደረስን። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር የብሎኬት ግድግዳ ቁመቱ 3 ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ሜትር ርዝመት 9 ኪሎ ኒውተን ያህል ይመዝናል። የቆርቆሮ ጣሪያውና የላይኛው የአርማታ መቀነት ሲጨመር ወደ 13 ይደርሳል። ከሥሩ ግማሽ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው የድንጋይ ግንብ ሌላ 12 ይጨምራል። ድምሩ 25 ኪሎ ኒውተን ነው። ይህን ለግማሽ ሜትር ስፋት ብናካፍለው ቤቱ በአፈሩ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 50 ኪሎ ፓስካል ይሆናል። የበጋው ዋልካ ይህን ሸክም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነውና። ግንበኛው ዶማው አልገባ ሲለው መሬቱ ጠንካራ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ነገር ግን ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል ብዙ ጊዜ ከ100 ኪሎ ፓስካል ይበልጣል፤ ብዙ እጥፍ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ቤቱ በ50 ወደ ታች ሲጫን አፈሩ በ100 ወይም በ200 ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው። ስለዚህ ትንሹ ቤት ይነሣል። ከባዱ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በክብደቱና በጥልቅ መሠረቱ የሚቋቋመውን ግፊት ቀላሉ ቤት አይቋቋመውም። ቀላል ቤት ነው፣ ምርመራ አያስፈልገውም የሚለው አባባል በዋልካ ላይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቤቱ ቀላል በመሆኑ ነው ምርመራ የሚያስፈልገው።

አነሣሡ በሁሉም ማዕዘን እኩል ቢሆን ጉዳት ባልኖረ ነበር። እኩል አይሆንም። በቤቱ መሐል ያለው አፈር በወለሉ ስለሚሸፈን ፀሐይ አያደርቀውም፤ ቀስ በቀስ እርጥበት ያጠራቅማል። በውጭው ግድግዳ ሥር ያለው ግን በየዓመቱ ይረጥባል፣ ይደርቃል። ቤቱ በበጋ ዳር ዳሩ ወርዶ መሐሉ ይቆለላል። በክረምት መጀመሪያ ደግሞ ዳር ዳሩ ይነሣል። ስኬምፕተንና ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1956 የ98 ሕንፃዎችን ሁኔታ አጥንተው፣ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት የርቀታቸውን አንድ ሦስት መቶኛ ሲያልፍ ግድግዳ መሰንጠቅ እንደሚጀምር አሳይተዋል። ይህ በ3 ሜትር ክፍል ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የቤተሰቡ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህች 1 ሳንቲ ሜትር ነው። በእንጨት፣ በጭቃና በሣር የሚሠራው የአካባቢው ቤት ከዚህ የበለጠ እንቅስቃሴ ቢደርስበት ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ብሎኬት ግን መታጠፍ አያውቅም። አሠራራችንን ስንለውጥ መሬቱ አልተለወጠም።

ጉድጓዱን ማንበብ

ታዲያ በበጋ ቆመን ክረምቱን እንዴት እናያለን? አፈር የክረምቱን ታሪክ በውስጡ ጽፎ ያቆያል፤ የእኛ ሥራ ጽሕፈቱን ማንበብ ነው።

ቢያንስ ሁለት ጉድጓዶች በቦታው ተቃራኒ ማዕዘኖች ይቆፈሩ። ሁለት የሚያስፈልጉት ቀደም ብዬ እንደገለጽሁት አፈሩ በአጭር ርቀት ስለሚለዋወጥ ነው። ጉድጓዶቹ መሠረቱ ከሚያርፍበት መስመር ውጭ ይሁኑ፤ አለዚያ ራሳቸው ደካማ ቦታ ይሆናሉ። ጥልቀታቸው ከ2 እስከ 3 ሜትር ቢደርስ መልካም ነው። ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ሲወርዱ ግን ጎኑን በጣውላ ሳይደግፉ ወይም በደረጃ ሳያሰፉ ሰው ማስገባት ክልክል ነው። ሰው የሚገድለው የአፈር ምርመራ ምርመራ አይደለም።

ከዚያ ግድግዳውን በቢላዋ ጠርጋችሁ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። በመጀመሪያ ቀለሙን። ቀይ ወይም ቡናማ አፈር አየር የሚያገኝ፣ ውኃ የማይተኛበት ነው። ግራጫ አፈር ለረጅም ጊዜ በውኃ ተሞልቶ የሚቆይ ነው። በግራጫው ላይ የዝገት ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ከታዩ፣ ውኃው እዚያ ድረስ በየዓመቱ ይወጣል ይወርዳል ማለት ነው። እናንተ በመጋቢት ስትቆፍሩ ጉድጓዱ ደረቅ ቢሆንም፣ ነጠብጣቡ የሚጀምርበት ጥልቀት የነሐሴውን የውኃ ከፍታ ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ የተፈነከተውን ጓል ገጽ እዩ። ዋልካ ሲያብጥና ሲኮማተር ጓሎቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ገጻቸው እንደተወለወለ ያብረቀርቃል፤ ስስ ጭረትም ይታይበታል። የሚያብረቀርቀው ገጽ እስከሚታይበት ጥልቀት ድረስ አፈሩ ይንቀሳቀሳል። ይህን የለውጥ ቀጠና እንበለው። የመሠረታችሁ ጥልቀት የሚወሰነው በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ የንቃቃቱን ስፋትና ጥልቀት ለኩ፤ ቀጭን ሽቦ ወይም የተላጠ ቀንበጥ ይበቃል። አራተኛ፣ ነጫጭ የኖራ ጠጠሮች ካሉ መዝግቡ፤ ውኃ እየገባ የመድረቁ ምልክት ናቸው።

ከጉድጓዱ ወጥታችሁም አካባቢውን ተመልከቱ። በዛፎች ግንድና በአሮጌ ግድግዳዎች ላይ የጎርፍ ልክ ምልክት ይፈለጋል። የቅርብ የውኃ ጉድጓድ ካለ በበጋና በክረምት ውኃው የት እንደሚደርስ ባለቤቱ ይጠየቃል። የሰፈሩ አዛውንቶች ውኃው የት ይተኛል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ከየት ይመጣል ተብለው ይጠየቁ። እነዚህ መልሶች በሪፖርታችሁ ውስጥ ከላቦራቶሪ ውጤት ጎን ሊጻፉ የሚገባቸው መረጃዎች ናቸው።

በእጅ የሚሠሩ ሙከራዎች

ከየንብርብሩ ጥቂት አፈር ውሰዱ። እርጥቡን አፈር በመዳፍ መካከል እያሻችሁ እንደ ክር ቀጭን አድርጉት። 3 ሚሊ ሜትር ሳይደርስ ከተፈረካከሰ አሸዋ ወይም ድቃቅ ደለል ይበዛበታል፤ ደጋግሞ ሲጠቀለል የማይበጠስ ከሆነ ጭቃነቱ ከፍተኛ ነው። በሁለተኛው ሙከራ 14 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨት ቅርጽ ውስጥ ለስላሳ ጭቃ ሞልታችሁ አድርቁት። ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ካጠረ በዚያ አፈር ላይ ያለ ጥንቃቄ ቤት አይሠራም።

ሦስተኛው ሙከራ የነፃ እብጠት ሙከራ ይባላል፤ የተመረቀ ብርጭቆ ብቻ ይጠይቃል። በደቃቅ ወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ አፈር በውኃ በተሞላ ባለ 100 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጨመራል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይነበባል። ወደ 20 ከደረሰ እብጠቱ 100 በመቶ ነው። ሆልትዝና ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1956 እንዳመለከቱት 100 በመቶ የሚያብጥ አፈር ቀላል ቤትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል፤ ከ50 በመቶ በታች የሆነው ግን እምብዛም አያሰጋም። እነዚህ ሙከራዎች የላቦራቶሪውን ምርመራ አይተኩም። ነገር ግን ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው የትኛው ቦታ እንደሆነ ይለያሉ፤ ላቦራቶሪ ፈጽሞ ለማያገኘው ቤት ደግሞ ከምንም በእጅጉ ይሻላሉ።

ከምርመራ ወደ ውሳኔ

ምርመራው ውሳኔን ካልለወጠ ጉድጓድ መቆፈር ድካም ብቻ ነው። አራት ውሳኔዎችን ላስቀምጥ።

የመጀመሪያውና ርካሹ ቤቱን ማዛወር ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ አንዱ ጉድጓድ አሸዋማ፣ ሌላው ዋልካ ከሆነ ቤቱ ሙሉ በሙሉ ወደ አሸዋማው ይሂድ። ከሁሉ የከፋው ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ላይ ማሳረፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋልካው ስስ ሆኖ ከሥሩ የማያብጥ ንብርብር ካለ መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ይውረድ። ሦስተኛ፣ ዋልካው ጥልቅ ከሆነ የላይኛው ክፍል ወጥቶ በማያብጥ ጠጠራማ አፈር ይተካ። ይህ አፈር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ንብርብር፣ በልኩ እየረጠበ ይጠቅጠቅ፤ ከግድግዳው ውጭም ይዘርጋ። በላዩ ላይ ግድግዳዎቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስር ባለ ብረት የአርማታ መቀነት ይሠራ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አሠራር ላስጠንቅቅ። በዋልካ ውስጥ የተቆፈረን ጠባብ የመሠረት ቦይ በንጹሕ አሸዋ መሙላት መፍትሔ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የጣሪያውን ውኃ ሁሉ የሚሰበስብ ገንዳ በግድግዳው ሥር መሥራት ነው። የዋልካው እብጠት ይብሳል።

አራተኛው ውሳኔ ውኃን መግዛት ነው፤ ይህ በማናቸውም አፈር ላይ ይሠራል። የአፈሩን ዓይነት መለወጥ ባንችል የእርጥበቱን መለዋወጥ መቀነስ እንችላለን። ጣሪያው አሸንዳ ይኑረው፤ ውኃው ከቤቱ ርቆ ይውረድ። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ይደረግ። መጸዳጃ ጉድጓድና የልብስ ማጠቢያ ቦታ ከግድግዳ ይራቁ። ማንጎውና ኒሙ ጥላቸው ለጋምቤላ ሙቀት በረከት ነው፤ ሥራቸው ግን አፈሩን አድርቆ ይመጣል። በዋልካ ላይ ዛፉ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤት ርቆ ቢተከል ይመረጣል። ጎርፍ በሚደርስበት ስፍራ ወለሉ ከሚታወቀው የጎርፍ ልክ በላይ ይነሣ። ግቢውን በአፈር ሞልቶ ማንሣት ግን ውኃውን ወደ ጎረቤት መግፋት ስለሆነ የሰፈሩ የጋራ ጉዳይ ነው።

የተቋማችን ድርሻ

ሕጋችን ቤቶችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፎቅ የሌለውንና በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ሕንፃ በምድብ ሀ አስቀምጦት ነበር። ለመሠረት ሥራም እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ደረጃ ሰባተኛ ክፍል ነበረን። ሰነድ አላጣንም። ያጣነው በየሰፈሩ ያለው አፈር ምን እንደሆነ የሚያሳይ መዝገብ ነው።

በየበጋው በዚህች ከተማ ለመጸዳጃ፣ ለውኃ፣ ለመሠረት፣ ለስልክና ለመብራት ምሰሶ ብዙ ጉድጓድ ይቆፈራል። እያንዳንዱ የአፈር ምርመራ ነበር፤ ነገር ግን ማንም ሳያነበው ተመልሶ ይደፈናል። ለተማሪዎቼ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ገጽ ቅጽ እናዘጋጅ፤ ቦታው፣ ቀኑና ወሩ፣ የንብርብሮቹ ጥልቀትና ቀለም፣ የሚያብረቀርቅ ገጽ መኖር አለመኖሩ፣ ውኃ የተገኘበት ጥልቀት፣ አንድ ፎቶግራፍ። ወሩ የግድ ይጻፍ፤ ወቅቱ ያልተጻፈበት የውኃ ጥልቀት በጋምቤላ ዋጋ የለውም። በአኙዋኛና በኑዌርኛ የአፈር ዓይነቶች የሚጠሩባቸውም ስሞች በቅጹ ይግቡ፤ ሕዝቡ የራሱን አፈር በራሱ ቋንቋ ለይቶ ያውቀዋል። እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት አምስት ጉድጓድ ቢመዘግብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቤት ሠሪ ሁሉ መጥቶ የሚጠይቀው ካርታ ይኖረናል። ይህ የምርምር በጀት የሚጠብቅ ሥራ አይደለም።

ከተሳታፊዎች ከቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ብረትና ስሚንቶ አብዝቼ መሠረቱን ባጠናክር ምርመራውን ልተወው አልችልም ወይ?

መልስ፦ ያልተመረመረ ቦታ ላይ የሚጨመር ብረት የት እንደሚያስፈልግ ሳይታወቅ የሚወጣ ገንዘብ ነው። አሸዋማ ጉብታ ላይ ከሆኑ ብረቱ ይባክናል። ጥልቅ ዋልካ ላይ ከሆኑ ደግሞ ጠንካራው መሠረት ሳይሰበር፣ ቤቱን ይዞ ሊያዘነብል ይችላል። ሁለት ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚከፈለው የጥቂት ቀን የጉልበት ዋጋ ነው፤ መጀመሪያ እሱ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ቤቴ አስቀድሞ ተሰንጥቋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወዲያው አይለስኑት። በስንጥቁ ዳርና ዳር በእርሳስ ምልክት አድርገው ስፋቱን ከቀኑ ጋር በየወሩ ይጻፉ፤ አንድ በጋና አንድ ክረምት ይለፍ። በበጋ ሰፍቶ በክረምት የሚጠብብ ወይም ተቃራኒውን የሚያደርግ ከሆነ አፈሩ እየተነፈሰ ነው፤ መፍትሔው ከውኃው ይጀምራል። አሸንዳ፣ ንጣፍ፣ የውኃ መውረጃ ይሠሩ። ወቅት ሳይለይ በየወሩ የሚሰፋ ከሆነ ግን መሠረቱ እየሰመጠ ወይም ከሥሩ አፈር እየተጠረገ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ሳይዘገይ ይየው። ስንጥቁ ከላይ ሰፍቶ ከታች የጠበበ ከሆነ የቤቱ መሐል ተነሥቷል ወይም ዳርቻው ወርዷል፤ ከታች የሰፋ ከሆነ ደግሞ መሐሉ ወርዷል ወይም ዳርቻው ተነሥቷል። ግድግዳው ራሱ ስለ መሬቱ እየነገረዎት ነውና ከመለሰንዎ በፊት ያዳምጡት።